ጀምበር ሳትጠልቅ የገባ ቀንበጥ

በሐረርጌ ቁጥቋጦ ውስጥ ሌላ ተክል ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ እሾሃም ሐረግ አለ። ቅጠሉ እንደ ፀጉር የሳሳ ነው። በአማርኛ የሴት ቀስት፣ በኦሮምኛ ሰሪቲ ይሉታል። የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሥሩን ቆፍረው ይወስዱታል። ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቀንበጡ ግን በሐረር ገበያ ከጎመኑና ከድንቹ ጎን ቦታ የለውም። የዚህ ሐረግ የቅርብ ዘመድ አውሮፓ ውስጥ አስፓራገስ ይባላል፤ የክረምቱ ብርድ ሲለቅ የከተማው ሰው ሁሉ ብቅ እስኪል የሚጠብቀው፣ ዋጋውም የማይቀመስ አትክልት ነው።

አስፓራገስ ቶሎ የሚበስል መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። የሮሙ አውግስጦስ ቄሣር አንድ ሥራ በፍጥነት እንዲያልቅ ሲፈልግ ከአስፓራገስ መብሰል ጋር ያነጻጽረው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ መዝግቧል። እውነትም በፈላ ውኃ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ለእራት ቢመርጠው የሚያስገርም አይደለም። ችግሩ ያለው ከድስቱ በፊት ነው። ቀንበጡ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ግርጌው እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ምግብ ማብሰሉ አምስት ደቂቃ ይፍጅ እንጂ፣ ቀንበጡን ከማሳ እስከ ማዕድ ለማድረስ የሚደረገው ሩጫ ቀን ሙሉ ነው።

ይህን ሩጫ ከሐረር የበለጠ የሚያውቅ ከተማ በኢትዮጵያ ማግኘት ያስቸግራል። ሐረር ለዘመናት ለጋ ቀንበጥ ስትገዛና ስትሸጥ ኖራለች። ቀንበጡ ግን ድስት የማይገባ፣ በጥሬው የሚታኘክ ጫት ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከግንቡ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ከተማዋ በጀጎል ግንብ ታጠረች። ግንቡ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ 82 መስጊዶች፣ ከ100 በላይ የአውሊያ መካናትና ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ቤቶች ቆመውበታል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ነው። ለጎመን መደብ የሚተርፍ ቦታ ብዙም ስላልነበረ፣ የከተማው ሰው ማታ የሚበላው ቅጠል ሁሉ ከአምስቱ በሮች በአንዱ መግባት ነበረበት።

በሮቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ስም አላቸው። በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን በሪ የሚባለው በአማርኛ ሸዋ በር ነው። ሱቅታት በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ በድሪ በሪ ቡዳ በር፣ አሱም በሪ ደግሞ ፈላና በር ይባላሉ። የስሙ መብዛት በበሩ የሚያልፈው ሰው ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ ይናገራል፤ ነዋሪው በራሱ ቋንቋ፣ ሻጩ በራሱ፣ ዘግይቶ የመጣው ገዥም በራሱ ሰየመው። ከሁሉም በላይ ግን በሮቹ የቀኑን ልክ የሚወስኑ ነበሩ። ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጉ ነበር። ከገጠር የመጣች ሴት ጎመኗን ሸጣ መውጣት የነበረባት ከዚያ በፊት ነው። የከተማዋ እመቤትም ለእራት የምትፈልገውን በቀን ካልገዛች ማታ የምትሄድበት አልነበራትም።

ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ የራሳቸው የእርሻ ቦታ ነበራቸው። ቡናውን፣ ጫቱን፣ ሙዙን፣ ሎሚና ብርቱካኑን ከሐኪም ጋራ በሚወርደው ውኃ ያለሙ ነበር። ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹን ያርሱ የነበሩት በዙሪያው ያሉ የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው፤ ወደ ከተማ ይዘው የሚገቡትና የሚሸጡትም በአመዛኙ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው። በዚህ መልክ የቆየው ዝምድና የተቆረጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው። ባለርስት የነበሩ የከተማ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ አትክልቱን እንደማንኛውም ሰው ገበያ ወርደው የሚገዙ ሆኑ። የሐረር እራት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቅመምና ስለ ድስት ብቻ ማውራት የተለመደ ነው፤ ማን የማንን መሬት እንዳረሰ ግን ከቅመሙ ያነሰ ጉዳይ አይደለም።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ ከተማዋን የሚገዛው አሚር አሕመድ ነበር። በርተን አሥር ቀን ያህል ነው የቆየው። ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የከተማው ሊቃውንት ተሰብስበው ጫት ሲቅሙ ማየቱን ገልጿል። ነገሩ ለእሱ አዲስ ቢመስልም ለአገሩ እጅግ የቆየ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ሲዝት፣ ማርኬ በምይዘው የንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ማለቱን ይተርካል። በሌላ አገር ድል አድራጊ ሰንደቅ ሲተክል፣ እዚህ ጫት ለመትከል ተፎከረ።

ጫትና አስፓራገስ በዝምድና አይገናኙም፤ ጠባያቸው ግን አንድ ነው። የሁለቱም ዋጋ ያለው ጫፋቸው ላይ ነው፤ የሁለቱም ጠላት ሰዓት ነው። ጫቱን ጫት ያሰኘው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው ሌሊት ወይም ማለዳ ይቆርጣል፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል፣ ነጋዴው ይሮጣል። የጫት መኪና በሐረርጌ መንገድ እንዴት እንደሚበር ያየ ሰው ማስረጃ አይፈልግም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አወዳይ ከተማነቷን ያገኘችው ከዚሁ ሩጫ ነው።

አትክልቱስ ከየት መጣ? የዚህን መልስ የሚነግሩን የድስቶቻችን ስሞች ናቸው። ባሚያ የዐረብ ነው። ፎሶልያ ዐረቡም፣ ቱርኩም፣ ግሪኩም በየአፉ የሚጠራው ቃል ነው። ካሮትና ሰላጣ ከአውሮፓ ቋንቋ መምጣታቸውን ጆሮ ይመሰክራል፤ ቆስጣም ከጣልያን አፍ የወጣ ይመስላል። እነዚህ እንግዶች ሁሉ ሐረር ደጃፍ ረግጠዋል። በ1868 ዓ.ም. ራውፍ ፓሻ የግብፅን ጦር ይዞ ገባ፤ ግብፆች እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩ። በእነሱ ዘመን የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች በከተማዋ ሱቅ ከፈቱ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ አስተዳደሩን የተረከቡት መኮንን ወልደ ሚካኤል፣ በኋላ ራስ መኮንን፣ ነጋዴዎቹን አላባረሩም። ጣልያን ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። እያንዳንዱ እንግዳ የለመደውን መብላት ይፈልጋል፤ የለመደውን የሚያበቅልለት ገበሬም ይፈልጋል።

ከእነዚያ እንግዶች መሀል አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። ግጥም መጻፍ ትቶ ለአንድ የቡና ነጋዴ ድርጅት ሊሠራ በ1873 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሐረር ደረሰ። ከባሕር ዳርቻዋ ከዘይላ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ለማቋረጥ 20 ቀን እንደፈጀበት ለቤተሰቦቹ ጽፎላቸዋል። ይህች ቁጥር ስለ ሐረር ንግድ ብዙ ትነግረናለች። በ20 ቀን መንገድ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይሻገራል። ቅጠል ግን አይሻገርም። አስፓራገስ ቢኖር እንኳ የመንገዱ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ገለባ ይሆን ነበር። የሐረር አትክልት የሐረር እራት ብቻ ሆኖ የኖረው ገበሬው ሰንፎ ሳይሆን ግመል ስለማይቸኩል ነው።

ግመሉን ባቡር ሲተካው ነገሩ ተገለበጠ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ቀረች፤ ከጣቢያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ። የቡናው ገበያ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ፣ ብዙ ነጋዴም አብሮ ወረደ። ለደጋው ገበሬ ግን በር ተከፈተለት። 20 ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ አንድ ቀን ወረደ። አንድ ጎመን ሳይበቅልባት የምትኖረው ጅቡቲ፣ ከነፈረንሳይ ወታደሮቿና ሹማምንቷ፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የምትጠብቀው ከሐረርጌ ሆነ። ጫቱም በዚያው ሐዲድ ወረደ፤ በኋላም በአውሮፕላን በረረ።

ለአትክልቱ ወርቃማው ዘመን የመጣው ሐረማያ ላይ ነው። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሐይቅ ለዙሪያው ገበሬ የመስኖ ውኃ፣ ለሐረር ከተማ ደግሞ የመጠጥ ውኃ ሰጠ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚያው በሐይቁ አጠገብ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ካወጣቸው የድንች ዝርያዎች አንዱ አለማያ 624 ይባላል። ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በፓምፕ ውኃ እየለሙ በጭነት መኪና ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ ወረዱ። ፓምፑ በዛ፤ ደለሉም በዛ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ሐረርም በውኃ ጥም ተመታች፤ በዚያ ዘመን በከተማዋ ጄሪካን ይዞ መሰለፍ የየዕለቱ ሥራ ነበር። ውኃው በቅርብ ዓመታት በከፊል ተመልሷል። በመሀሉ ግን ብዙ ማሳ ጫት ተተክሎበታል። ጫት ድርቅ ይችላል፤ ካሮት አይችልም። ገበሬውን ለምን አትክልት ተውክ ብሎ መውቀስ ይቀላል፤ እሱ ግን ያደረገው ሁለት ቀንበጥ አመዛዝኖ የሚያዋጣውን መምረጥ ነው።

አስፓራገስ በዚህ ሚዛን ላይ ቢወጣ ምን ይሆን ነበር? ከተተከለ በኋላ በቂ ምርት ለመስጠት ሁለትና ሦስት ዓመት ያስጠብቃል። ከዚያ ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያፈራል። ይህ ትዕግሥት ለሐረርጌ አዲስ አይደለም፤ ጫትም ቡናም ያስጠብቃሉ። የቆረጠ ሰው በማግስቱ ሌላ አገር ገበያ የሚደርስበት መንገድም አለ። የሌለው የሚበላው ሰው ነው። በአምስት ደቂቃ የሚበስለው ቀንበጥ በሐረር ማዕድ ላይ የተለመደ ቦታ አላገኘም።

ምክንያቱን በጓዳ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል አምስት ደረጃ በደረጃ የተሠሩ መደቦች፣ ነደባዎች፣ ያሉት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በቅጡ የተወሰነ ነው። በዚያ ቤት ገበታ ላይ ስሙ ከሚጠራው አንዱ ሑልባት መረቅ ነው። ሑልባት ማለት አብሽ ነው፤ ባሕር ማዶ የመንም በዚሁ ስም ትጠራዋለች። ይህ የወጥ ባህል ነው። ቅጠልና ሥር ሁሉ በእንጀራ ወይም በዳቦ የሚጠቀስ ነገር ሆኖ መውጣት አለበት። ፈረንጅ እንደሚያደርገው ቀንበጥ ቀቅሎ ቅቤ አፍስሶ ሳህን ላይ ብቻውን ማጋደም፣ በዚህ ማዕድ ላይ ሥራው ሳያልቅ የቀረበ ምግብ ያስመስላል።

ፎሶልያ ግን ገብታለች፤ የገባችውም በዚሁ ሕግ ነው። ከካሮት ጋር ተቆራርጣ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሳ፣ እንጀራ ላይ የምትወጣ ሆነች። የጾም ቀን፣ የሠርግ ድግስ፣ የዘወትር እራት አይልባትም። አስፓራገስ ወደ ሐረር ሰው ድስት የሚገባበት ቀዳዳ ካለ በፎሶልያ በኩል ነው።

ቀዳዳው ደግሞ የሚገኘው ከሐረር በጣም ርቆ ነው። ከአብዮቱ ወዲህ የተሰደዱ ሐረሪዎች በብዛት ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ቶሮንቶ ናት። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የካናዳ ዋና አስፓራገስ አብቃይ ስለሆነች፣ ግንቦት ላይ የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ በእስር በእስር ይደረድረዋል። ፎሶልያ የለመደ እጅ ሊሠራው ቢነሳ አዲስ የሚማረው ጥቂት ነው። ግርጌውን ይዞ ጎንበስ ሲያደርጉት ለጋውና እንጨቱ በሚለያዩበት ላይ ራሱ ይሰበራል። ሽንኩርቱ በዘይት ወዛ እስኪል ይጠበሳል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንጥር እርድ ይገባል፣ ካሮቱ በስሱ ተከትፎ ቀድሞ ይበስላል፤ እሱ ጊዜ ይወስዳልና። አስፓራገሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ግንዱ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጫፉ። ክዳን ተደርጎበት ሦስት አራት ደቂቃ፣ ከዚያ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል ይደረግበትና ከእሳቱ ይወርዳል፤ እንደ ጎመን ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ይላሽቃል።