ያለ ደጃፍ የቆሙ ሱቆች

ፕራይስ ፕራይስ-ጆንስ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ያለባት ኒውታውን በዌልስ ኮረብቶች መካከል የምትገኝ፣ ፍላኔል በሚባለው የሱፍ ጨርቅ ስሟ የሚነሳ ትንሽ ከተማ ናት። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ስንት ፍላኔል ይገዛል? በ1860ዎቹ መጀመሪያ (የውጭ አገር ታሪኮቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባቡር ሐዲዱ ኒውታውን ሲደርስ ግን ነጋዴው ደንበኛ የግድ ሱቁ ድረስ መምጣት እንደሌለበት ገባው። የዕቃዎቹን ዝርዝር አሳትሞ በፖስታ በተነ። ትዕዛዙ በፖስታ መጣለት፣ ጨርቁ በባቡር ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያና ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሳይቀሩ ደንበኞቹ ሆኑ፤ በ1880 የደንበኞቹ ቁጥር ከ100,000 አልፎ ነበር። በ1879 ያቆመው ግዙፍ መጋዘን የተሠራው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ቦታው ታስቦበት ነው የተመረጠው።

ዛሬ ኦንላይን ሱቅ ልክፈት የሚል ሰው ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው ስለ ገጹ ነው፤ ስለ ስሙ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፎቶው። የንግዱ ታሪክ ግን ዓይንን ወደ ሌላ ቦታ ይመልሳል። ከሩቅ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ የሚቀናው ሌሎች አስቀድመው የዘረጉትን ሲጠቀም ነው። የአንዱ ሐዲድ፣ የሌላው ፖስታ፣ የሦስተኛው የጅምላ መጋዘን ከሌለ ጎበዝ ነጋዴም ቢሆን የትም አይደርስም።

አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ ይህን በአሜሪካ ገጠር ውስጥ ተረድቶታል። በየመንደሩ እየዞረ ሸቀጥ ይሸጥ ስለነበር ገበሬው በአካባቢው ሱቅ ምን ያህል በውድ እንደሚገዛ ያውቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበሰበው ዕቃ በ1871 በደረሰው የቺካጎ ቃጠሎ ወደመበት። በዓመቱ ከሁለት ሸሪኮች ጋር ሆኖ በ1,600 ዶላር እንደገና ጀመረ። ካታሎጉ 163 ዕቃ የተዘረዘረበት አንድ ወረቀት ነበር። ዋናው ችግር ግን ገንዘብ አልነበረም። ገበሬው የማያውቀውን ሰው አምኖ፣ ያላየውን ዕቃ ስለምን ይገዛል? ዋርድ ግሬንጅ የሚባለውን የገበሬዎች ማኅበር ተጠግቶ በማኅበሩ ስም መታመንን አገኘ፤ በ1875 ደግሞ ዕቃውን ያልወደደ ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ። የፖስታ አገልግሎቱ ከ1896 ጀምሮ ደብዳቤን ገበሬው ደጅ ድረስ ማድረስ ሲጀምር፣ በ1913 ደግሞ ትልልቅ ጥቅሎችንም ሲቀበል፣ በካታሎግ የሚነግዱ ሁሉ ገበያቸው ደራ።

ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ማዘዝ የመጣው በቴሌቪዥን በኩል ነው። እንግሊዛዊው ማይክል አልድሪች በ1979 ተራ የቤት ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር አገናኘ። በሜይ 1984 በሰሜን እንግሊዝ በጌትስሄድ ከተማ የሚኖሩ የ72 ዓመት አዛውንት ወይዘሮ ጄን ስኖውቦል፣ ሳሎናቸው ቁጭ ብለው የሪሞቱን ቁልፍ እየተጫኑ ከቴስኮ ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል አዘዙ። ዕቃው ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ሒሳቡን የከፈሉት በጥሬ ገንዘብ ነበር፤ ማዘዣው ከዘመኑ ቀድሞ ሄዶ፣ ክፍያው ገና እዚያው በራፍ ላይ ነበር። በመስመር ላይ በካርድ መክፈል መልክ የያዘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በኦገስት 1994 ኔትማርኬት የተባለ የወጣቶች ሱቅ የሙዚቀኛውን የስቲንግን ሲዲ በ12 ዶላር ከ48 ሳንቲም ሲሸጥ የገዢው የካርድ ቁጥር በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ ተላከ።

በዚያው ዓመት ጄፍ ቤዞስ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ጥሩ ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ ነበር። በኢንተርኔት ሊሸጡ ይችላሉ ያላቸውን ሃያ የሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች ዘርዝሮ መጽሐፍን መረጠ። ምርጫው የነጋዴ ስሌት ነው። በጊዜው በገበያ ላይ የነበሩት መጻሕፍት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ትልቅ የተባለ መደብር እንኳ የዚያን ሩብ መያዝ አይችልም። መጽሐፍ አይበላሽም፣ ልኩ ጠበበኝ ሰፋኝ ተብሎ አይመለስም፣ በፖስታ ለመላክም አያስቸግርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኢንግራምና ቤከር ኤንድ ቴይለር የሚባሉ ሁለት ትልልቅ አከፋፋዮች የመጻሕፍቱን ዝርዝር በኮምፒውተር መዝግበው፣ መጋዘናቸውን ሞልተው ተቀምጠዋል። አንድም መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሳያስቀምጥ ሚሊዮን መጽሐፍ እሸጣለሁ ማለት የቻለው በዚህ ነው። ወደ ሲያትል የሄደበትም አንዱ ምክንያት የኢንግራም ትልቅ መጋዘን በጎረቤቱ በኦሪገን ግዛት ውስጥ በመኖሩ ነው። ወላጆቹ 245,573 ዶላር ሲሰጡት ገንዘቡ ተመልሶ ላይመጣ የሚችልበት ዕድል ሰባ በመቶ እንደሆነ ነግሯቸው ነበር።

ቤዞስ ስላቋቋመው ሱቅ፣ ስለ አማዞን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ሥራው የተጀመረበት ጋራዥ ነው። የንግዱን ብልሃት የሚያሳየው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አከፋፋዮቹ ከአሥር መጽሐፍ በታች ትዕዛዝ አይቀበሉም ነበር። አንድ ደንበኛ አንድ መጽሐፍ ቢያዝ ቀሪውን ዘጠኝ ማን ይገዛዋል? እነቤዞስ በአከፋፋዩ ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ መጋዘኑ ውስጥ ግን የሌለ መጽሐፍ ፈልገው አገኙ፤ ስለ ድንጋይ ሽበት የተጻፈ። የሚፈልጉትን አንድ መጽሐፍ፣ ከእሱ ጋር ዘጠኝ የድንጋይ ሽበት መጽሐፍ ያዛሉ። አከፋፋዩ አንዷን ይልክና ዘጠኙ ስለሌሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ሱቁ በጁላይ 1995 ተከፍቶ በመጀመሪያው ወር ትዕዛዝ ከሃምሳውም የአሜሪካ ግዛቶችና ከ45 አገሮች ሲጎርፍ፣ መጽሐፍ የሚጠቀልሉት ሲሚንቶ ወለል ላይ ተንበርክከው ነበር። ቤዞስ የጉልበት መከላከያ እንግዛ ሲል፣ አጠገቡ ይጠቀልል የነበረው ባልደረባው መጠቅለያ ጠረጴዛ ግዛ አለው። ጠረጴዛው ተገዛ፤ ሥራውም እጥፍ ፈጠነ።

ፒየር ኦሚድያር በሴፕቴምበር 1995 የጀመረው፣ በኋላ ኢቤይ የተባለው የጨረታ ገጽ ደግሞ ጭርሱን የራሱ ዕቃ አልነበረውም፤ ሻጩም ገዢውም ተራ ሰው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የሄደ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነው። በ1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው ምስክርነት የሚጽፉበትን ቦታ ከፈተላቸው። ዋርድ በገበሬዎች ማኅበር በኩል ያገኘውን እምነት ማንም ትንሽ ሻጭ በራሱ ስም የሚያጠራቅምበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው፤ በዚህ ንግድ ታሪክ ከታዩት ፈጠራዎች ሁሉ ለትንሽ ሰው የበለጠ የጠቀመ ያለ አይመስልም።

እስከዚያ ድረስ ሱቁን ራሱን፣ ማለትም ገጹን መሥራት የፕሮግራመር ሥራ ነበር። በ1995 ፖል ግሬአምና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ቪያዌብ ማንም ነጋዴ በብራውዘር ውስጥ ሱቁን እንዲሠራ አስቻለው፤ ያሁ በ1998 በ49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ2004 ጀርመናዊው ቶቢያስ ሉትከ ካናዳ ኦታዋ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ የሚሸጥ ስኖውዴቭል የሚባል ሱቅ ከሸሪኩ ጋር ከፈተ። በጊዜው የነበሩት የሱቅ ሶፍትዌሮች ስላላረኩት የራሱን ጻፈ። ከሰሌዳው ይልቅ ሶፍትዌሩ ተፈላጊ ሆነ። በ2006 ሾፒፋይ ተብሎ ለሌሎች ነጋዴዎች ቀረበ፤ ሱቁ ተረስቶ መሣሪያው ቀረ።

ኢትዮጵያ ፖስታን የምታውቀው ከአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1886 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ፖስታው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ሣጥን ነበር፤ ሰው ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ይሄድ ነበር እንጂ ጥቅል ይዞ በር የሚያንኳኳ እምብዛም አልነበረም። በ1989 ዓ.ም ኢንተርኔት ሲገባም በካርድ የሚገበያይ ሕዝብ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ነጋዴዎች ካርዱ ወዳለበት ፊታቸውን አዞሩ። እንደ ኢትዮጊፍት ያሉ ገጾች ላይ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ልጅ በካርዱ ከፍሎ ለፋሲካ በግ፣ ለልደት ኬክና አበባ ያዛል፤ በጉ አዲስ አበባ እናቱ ቤት ይደርሳል። ክፍያው በውጭ አገር ባንክ፣ ማድረሱ በአገር ቤት ሰው፤ ሁለቱም በየቦታቸው ነበሩና ንግዱ በእግሩ ቆመ። በግ በኢንተርኔት መሸጡ ያኔ ለውጭ ጋዜጠኞች እንግዳ ነገር ነበር። የበዓል በግ ለቤተሰብ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ግን ከመጽሐፍ የማይተናነስ የታሰበበት ምርጫ ነው።

የአገር ውስጡ ገዢ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ከባንክ ውጭ ያሉ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ፈቀደ። በግንቦት 2013 ዓ.ም በሞባይል ስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ነጋዴው ግን አዋጁን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ከዚያ በፊትም ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ ይሸጥ ነበር። ጫማ ፎቶ ያነሳል፣ ከሥሩ ሳይዙን፣ ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፣ «ያለን ውስን ፍሬ ነው» ይላል። ብዙዎቹ ዕቃውን የሚያነሱት ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ነው፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ሄደው የሚያመጡም አሉ። ገዢው «41 አለ?» ብሎ ይጽፋል። ካለ ሞተረኛ ይላካል፤ አድራሻው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት እየተባለ በስልክ ይነገረዋል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ደንበኛ ደግሞ መናኸሪያው አለ። ሻጩ ጥቅሉ ላይ ስምና ስልክ ጽፎ ለሕዝብ አውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፣ የታርጋ ቁጥሩን ለገዢው ይልካል፣ ገዢው ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ጠብቆ ይቀበላል። ለከተማው ገዢ «ዕቃው ሲደርስ ይከፍላሉ» የሚለው ሻጭ ለክፍለ ሀገር ሲልክ ሒሳቡን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ረዳቱ ጥቅል ያደርሳል እንጂ ገንዘብ አይሰበስብም።