የአገሮች ማዕድ በሐኪም ሚዛን ላይ

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕሙም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ለስኳር በሽታ የነበረው ሕክምና ምግብ፣ ይልቁንም ረኃብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን ሕሙማኑን ሽንታቸው ከስኳር እስኪጠራ ድረስ ያለ ምግብ ያቆያቸው፣ ከዚያም እጅግ አነስተኛ ምግብ እየመጠነ ዕድሜያቸውን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያራዝም ነበር። ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ከሕሙሙ አልጋ ወጥቶ ሰፋ፤ የትኛው ሕዝብ ምን ስለሚበላ ነው በሽታው የበዛበት? የትኛውስ ምን ስለሚበላ ነው ያነሰበት? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ንጽጽር ታሪክ መዳሰስ ነው። ታሪኩን ማወቁ ዛሬ በየተመላላሽ ክፍሉ ለምንሰጠው የአመጋገብ ምክር ጠቀሜታ አለውና።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ በ1930ዎቹ አጋማሽ የልዩ ልዩ አገሮችን የምግብ ይዘትና በስኳር በሽታ የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ብዙ ቅባትና ጥቂት ካርቦሃይድሬት በሚበላባቸው አገሮች በሽታው እንደሚበዛ ጻፈ። ሐሳቡ ለጊዜው ደፋር ነበር። ይሁንና ቅባት አብዝቶ የሚበላ አገር ብዙውን ጊዜ ሀብታም፣ የጉልበት ሥራ የቀነሰበት፣ የሞት መዝገቡም የተሟላ ነው። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር በስኳር በሽታ የሞተ ሰው በማንም ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ አገርን ከአገር ከማነጻጸር ይልቅ አንድን ሕዝብ በሁለት ማዕድ ላይ መመልከቱ የተሻለ ያስተምራል። ኮኸንና የሥራ ባልደረቦቹ በኢየሩሳሌም ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1961 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት ለዚህ አብነት ነው። ከየመን በቅርቡ በገቡ አይሁዶች ላይ የስኳር በሽታ እምብዛም አልታየም፤ ከ25 ዓመት በላይ በእስራኤል በኖሩት የመናውያን ላይ ግን በብዛት ተገኘ። የምግባቸው ጠቅላላ የካርቦሃይድሬት መጠን ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ዓይነቱ ነው፤ በየመን ከነጭራሹ አይታወቅም ሊባል የሚችለው ስኳር በአዲሱ አገር የየዕለት ምግብ ሆነ። ይኸው ታሪክ በኋላ በእኛው ወገኖች ላይ ተደግሟል። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል በተጓዙ ወጣት ቤተ እስራኤላውያን ላይ የስኳር በሽታ ከተጠበቀው በላይ መታየቱን የሚገልጽ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሟል።

በዚህ መካከል የዓለምን ትኩረት የሳበው ሌላ ማዕድ ነበር። አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆኑ 12,763 ወንዶችን ይዞ የልብ ሕመምን ከምግብ ጋር አነጻጸረ። የግሪክ ደሴት የሆነችው ቀርጤስ በዚህ ጥናት ዝነኛ ሆነች፤ የወይራ ዘይት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ጥቂት ሥጋ። ዛሬ "የሜዲትራኒያን አመጋገብ" የሚባለው ስያሜ ዝናውን ያገኘው ከዚያ ነው። የጥናቱ ዓላማ ክብደት መቀነስም የደም ስኳርን መቆጣጠርም እንዳልነበረ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

ለኢትዮጵያዊ ሐኪም ከዚህ ታሪክ ሁሉ ጎልቶ ሊታየው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ሳሪና ካፋቶስ የተባሉ የቀርጤስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳመለከቱት፣ የኪስ ጥናት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ኦርቶዶክሳውያን መሆናቸውንና መጾማቸውን ከቁጥር አላስገባም። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበሉባቸውም፤ በጠበቁት ቀናት የወይራ ዘይቱ ራሱ የተከለከለ ነው! እንግዲህ ለዓለም ሁሉ በወይራ ዘይት ስም የተሰበከው ማዕድ፣ ከፊሉ ምናልባት ያለ ዘይት የታለፉት ቀናት ውጤት ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ከቶ እንግዳ ነገር አይደለም። ለተመራማሪዎቹ ግን ጾሙ በምግብ መጠይቁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ጥያቄውን ገለበጠው። ሰዎች ወደ አያቶቻቸው ማዕድ ቢመለሱስ? ኬሪን ኦዴያ እ.ኤ.አ. በ1982 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በደርቢ አካባቢ የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን የሆኑ አሥር የአገሬው ተወላጆችን ይዛ ለሰባት ሳምንታት ወደ ቀደመ የአደንና የለቀማ ኑሯቸው መለሰቻቸው። ካንጋሩ፣ የወንዝ ዓሣና ቦዬ ተመገቡ። በአማካይ 8 ኪሎ ግራም ቀነሱ፤ የጾም የደም ስኳራቸውም ከ209 ወደ 119 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወረደ። ከምግባቸው ኃይል ከግማሽ በላዩ ከፕሮቲን የመጣ ነበር። ቴሪ ሺንታኒና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሃያ የሃዋይ ተወላጆችን ለሦስት ሳምንታት ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥቂት ዓሣ እስኪጠግቡ አበሏቸው። ከምግቡ ኃይል ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው ካርቦሃይድሬት ነበር። እነርሱም ወደ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ቀነሱ፤ የደም ስኳራቸውም ከ162 ወደ 123 ወረደ።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ያስገርማል። አንዱ ሥጋ፣ ሌላው ሥራ ሥር ነው፤ ውጤቱ ግን ተቀራራቢ ሆነ። የሚያመሳስላቸው በማዕዱ ላይ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው፤ ስኳር የለም፣ ነጭ ዱቄት የለም፣ የፋብሪካ ዘይት የለም፣ የአልኮል መጠጥ የለም። የሚገባው ኃይልም ሳይታዘዙ ቀንሷል፤ በአውስትራሊያ በቀን ወደ 1,200፣ በሃዋይ ወደ 1,570 ካሎሪ። ሁለቱም ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን የያዙ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌላቸውና አጭር ጊዜ የቆዩ ስለሆኑ ብዙ ሊሸከሙ አይችሉም። ነገር ግን "ካርቦሃይድሬት ነው ጠላቱ" ወይም "ቅባት ነው ጠላቱ" ለሚል ሰው መልስ አላቸው።

ሰዎችን በዕጣ ደልድሎ የአመጋገብ ሥርዓቶችን ለሁለት ዓመት ያነጻጸረው የታወቀ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። አይሪስ ሻይና ባልደረቦቿ በእስራኤል፣ በዲሞና የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚሠሩ 322 ወፍራም ሰዎችን በሦስት ከፈሉ። ዋናው ምግብ ምሳ በመሆኑና በመሥሪያ ቤቱ ካፊቴሪያ ስለሚበላ ክትትሉ ቀለለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅባት የቀነሱት 2.9፣ የሜዲትራኒያኑን የተከተሉት 4.4፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 4.7 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል። በክብደት ረገድ የኋለኞቹ ሁለቱ አይለያዩም። በመካከላቸው በነበሩት 36 የስኳር ሕሙማን ዘንድ ግን የጾም የደም ስኳርና የኢንሱሊን መጠን የተሻሻለው ይልቁንም በሜዲትራኒያኑ ቡድን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሚዛኑና የደም ምርመራው አንድ መልስ እንዳልሰጡ ማየት ይቻላል። በስፔን፣ በሬኡስ ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ይህን አጠናከረ፤ 418 ሰዎች በአማካይ ለአራት ዓመት ሲታዩ፣ በሜዲትራኒያን አመጋገብ ክብደት ሳይቀንስ አዲስ የስኳር በሽታ በግማሽ ያህል አንሷል። የዚሁ ጥናት እናት የሆነው የስፔኑ ሰፊ ጥናት የ2013 ጽሑፍ ግን በዕጣ አደላደሉ ጉድለት ምክንያት በ2018 ተስቦ፣ ታርሞ እንደገና መታተሙን አንባቢ ማወቅ አለበት።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ የወጣው ጥናት የማንንም አገር ማዕድ አልተጠቀመም። ለሕሙማኑ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ የሚሰጥ የተዘጋጀ መጠጥና ሾርባ ብቻ ለጥቂት ወራት ሰጥቶ፣ ከመቶው 46ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት የስኳር በሽታ መጠን ላይ እንዳልሆኑ አሳየ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ይህ ከመቶው 86 ደርሷል። ስለዚህ ክብደት ምንም ፋይዳ የለውም ማለትም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ምን ይመስላል? ሕሙሙ ከሌላ አገር በተቀዳ ወረቀት ላይ የወይራ ዘይት፣ ዓሣና ለውዝ ብሉ የሚል ምክር ይሰጠዋል፤ እንጀራውንም ተው ይባላል። አቅሙ የማይፈቅድለት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። አቅም ያለው ደግሞ ውድ ዘይት ገዝቶ በወጡ ላይ ይጨምራል፤ በሻዩ የሚከተውን ሦስት ማንኪያ ስኳርና ከምሳ ጋር የሚጠጣውን ለስላሳ ግን ማንም አልጠየቀውም። በእኔ እምነት ምስር፣ ሽሮና ጎመን ያለበት ማዕድ ከቀርጤሱ ብዙ የራቀ አይደለም። መጠየቅ ያለበት የእንጀራው ቁጥር፣ በወጡ የሚገባው ዘይትና ከማዕዱ ውጪ የሚጠጣው ነው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ጾሙ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሕሙም ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን እንደ ወትሮው ጠዋት ከወሰደ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ማታ በጾሙ መፍቻ ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። እኔ በሠራሁባቸው ክፍሎች የሕሙማን ካርድ ሲጋራና መጠጥ ይጠይቃል፤ ስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለህ የሚል መስመር ግን የለውም። መስመሩን በእስክርቢቶ ጨምረን፣ መድኃኒቱን የምናዝበትን ሰዓት በመልሱ መሠረት መወሰን እንችላለን።