የማትገዛውን ኩባንያ እንዴት እምቢ ትለዋለህ? ከዱብቲ ጥጥ እስከ በደሌ ጠርሙስ

ባለፈው ዓመት ሰመራ ነበርኩ። ሙቀቱ አርባን ባለፈበት ከሰዓት በኋላ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለች ሱቅም ሻይ ቤትም ከሆነች ቤት ጥላ ፍለጋ ገባሁ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣና ቀዝቃዛ ነገር ጠየቀ። ባለሱቋ ጥቁሩን ለስላሳ ከፍሪጅ አውጥታ ስታቀርብለት በመዳፉ ገፋ አደረገና «እሱን ትቻለሁ፣ ውሃ ስጪኝ» አላት። ምክንያቱን አልጠየቀችውም። ስለ ጋዛ መሆኑን እዚያ ቤት ያለ ሁሉ ያውቃል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን በአፋርኛ የሆነ ነገር ጠየቁት፣ ልጁም ሳቀ። በኋላ ባለሱቋን ምን እንዳሉት ብጠይቃት «ስኳሩስ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ ወይ ነው ያሉት» አለችኝ።

ይህቺ ጥያቄ ከሰመራ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መኪና ውስጥ አብራኝ መጣች። ዛሬም የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ቦይኮት ሲነሳ እዚህ ቴሌግራም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «አንተ አንድ ጠርሙስ ብትተው ኩባንያው ምን ይጎድልበታል?» ብሎ ያሾፋል። ሌላው ያልተባበረውን ሁሉ ከሃዲ ያደርጋል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ እምቢ ባዩ ቆራጥነት ነው። እኔ ታሪኩን ሳገላብጥ ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የግዢ አድማ የሚሠራው በደሉ ስለከፋ አይደለም። የሚሠራው የተበዳዩ እጅ ከኩባንያው ኪስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲኖር ነው። እጁ የማይደርስ ሰው በደሉ የቱንም ያህል ቢሆን በዚህ መሣሪያ መጠቀም አይችልም። ለዚህ ከአዋሽ ሸለቆ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መጀመሪያ ግን የቃሉን ምንጭ ላንሳ፣ ምክንያቱም ነገሩ የተጀመረው በሱቅ ሳይሆን በመሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 አየርላንድ፣ ሜዮ በተባለ አውራጃ፣ ቻርልስ ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ የአንድ ባለርስት ወኪል ነበር። ገባሮቹ የመሬት ኪራይ ይቀነስልን ብለው ጠየቁ፣ አሻፈረኝ ተባሉ፣ ማስለቀቅም ተጀመረ። ያኔ የአካባቢው ሰው በእኛ አገር አነጋገር «እሳት አትጫሩለት፣ ውሃ አትቅዱለት» ብሎ ወሰነ። አዝመራውን የሚያጭድለት፣ ደብዳቤ የሚያደርስለት፣ ከሱቅ ዕቃ የሚሸጥለት ጠፋ። ከሰሜን አየርላንድ ሃምሳ ያህል በጎ ፈቃደኛ አጫጆች መጡ፣ መንግሥትም በአንድ ሺህ ገደማ ወታደር አስጠበቃቸው። አዝመራው አምስት መቶ ፓውንድ ያህል የሚያወጣ ሲሆን ለማሰብሰቢያው የወጣው ወጪ ግን እስከ አሥር ሺህ ፓውንድ ተገምቷል። ሰውየው በዚያው ዓመት አገር ለቆ ሄደ፣ ስሙ ግን ቀረ። ልብ በሉ፣ ገባሮቹ ያሸነፉት አዝመራው የእነሱን እጅ ስለሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ አዋሽ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ ጂቡቲ ድንበር አጠገብ ባሉ ሐይቆች ውስጥ የሚጠፋ ወንዝ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር ግን ወንዙ ብቻውን አይደለም ነገሩ። ክረምት ሞልቶ ሲፈስ በሁለቱም ዳር የሚያረጥበው ሜዳ በበጋ የሚበቅልበት ሣር ነው ነገሩ። ዝናብ ሲቀር መንጋው የሚተርፈው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይፈለግም፣ በተፈለገበት ወር ግን ምትክ የለውም።

ያ ሜዳ በካርታ ላይ ባዶ መሬት መሰለ። ከኢንዶኔዥያ የመጣው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። የቆቃ ግድብ በ1952 ተመረቀ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመና ሸለቆው ለሰፋፊ እርሻዎች ይታደል ጀመር። መተሐራ ላይ ሸንኮራው ከከረዩም ከአፋርም የግጦሽ መሬት ወሰደ። ታች ደግሞ ዛሬ ሰመራ ካለችበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ዱብቲ ላይ፣ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ዘረጋ። በዚያን ዘመን የጥጥ ዋጋ ጥሩ ነበር፣ «ነጭ ወርቅ» ይሉት የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ መንጋው ከወንዙ የተቆረጠበት የአፋር ሰው ምን ያድርግ? ሚቼል ኮትስን ቦይኮት ያድርግ? ጥጡ የሚሄደው ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ወደ ውጭ ገበያ ነው። አፋሩ ጥጡን አይገዛም። ሜዮ እንዳሉት ገባሮች «አልለቅምም» እንዳይል፣ ለቃሚው ከደጋ በየዓመቱ በጭነት መኪና የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ እሱም ከወሎና ከሌላም የድርቅ አገር የመጣ ችግረኛ። ደንበኛም አይደለም፣ ሠራተኛም አይደለም፣ ባለአክሲዮንም አይደለም። ኩባንያው ከእሱ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ መሬቱን። መሬቱ ደግሞ በሕግ ዓይን የመንግሥት ነው ተብሏል። እምቢ የሚልበት በር አንድም አልነበረም።

የተደረገው ሌላ ነገር ነው። ከብት እርሻ ውስጥ ይለቀቃል፣ ዘበኛ ይተኩሳል፣ ሽምግልና ይቀመጣል። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ደግሞ ብልህ መንገድ መረጡ፣ ኩባንያው ወደ አውሳ እንዳይስፋፋ እየተደራደሩ ራሳቸው ጥጥ አስለሙ፣ ከአካባቢው ሰውም ብዙው አብሯቸው ገበሬ ሆነ። ይህ በእኔ ግምት በሸለቆው ታሪክ ከታዩት ብቸኛ ውጤታማ መልሶች አንዱ ነው፣ ምንም እንኳ ጥቅሙ ከሁሉ በፊት ለሱልጣኑና ለቅርቦቻቸው መድረሱ የሚካድ ባይሆንም። ወንዙ ዳር ለወትሮው የሚጠጋው አርብቶ አደር ግን በ1960ዎቹ ድርቅ ሲመታው መሸሻ አጣ። ስለዚያ ረሃብ ስናወራ ወሎን እናነሳለን፣ ማንሳታችንም ልክ ነው። ከወሎ ሥር ቆላው ላይ ያለቀውን የአፋር ሕዝብና ከብት ግን እምብዛም አናነሳም።

በ1967 ደርግ ትላልቅ ኩባንያዎችን ወረሰ፣ የገጠርንም መሬት የሕዝብ አደረገ። ሚቼል ኮትስ ወጣ። ሱልጣኑም በዚያው ዓመት ወደ ስደት ሄዱ። መሬቱ ወደ አርብቶ አደሩ አልተመለሰም፣ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ። መንግሥትን ደግሞ በግዢ አድማ እንዴት ታደርገዋለህ? ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚሰለፉበት አገር «ስኳር አልገዛም» ማለት ለተሰላፊው ቦታ መልቀቅ ነው።

ከዚያ መውረስ የተረፈ አንድ ሒሳብ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ብቅ አለ። ደርግ ከወረሳቸው መካከል የጀርመን ባለሀብቶች አብላጫ ድርሻ የያዙበት የከብት ልማት ኩባንያ ነበረበት። ጀርመናዊውን ድርጅት በኋላ የስዊሱ ኔስሌ ገዛው፣ የይገባኛል ጥያቄውንም አብሮ ወረሰ። ኔስሌ ኢትዮጵያን 6 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን አቀረበ፣ ኩባንያው አልበቃኝም አለ። ጊዜው ታኅሣሥ 1995 ነው። ያን ዓመት ድርቁ ቀድሞ ከመታቸው አካባቢዎች አፋር አንዱ ነበር፣ የከብት ሬሳ በመንገድ ዳር የተዘራበት ዓመት ነው፣ በመላ አገሪቱም ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። የዓለም ትልቁ የምግብ ኩባንያ ከብቱ ካለቀበት አገር ስለ ከብት ኩባንያ ካሣ ይጠይቃል!

ኦክስፋም ነገሩን አደባባይ አወጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኔስሌ ዘንድ አርባ ሺህ ያህል የተቃውሞ መልእክት ገባ። ኩባንያው መጀመሪያ ስለ መርህ ነው አለ። ከዚያ ገንዘቡን ለረሃቡ እሰጣለሁ አለ። በጥር መንግሥት ያቀረበውን 1.5 ሚሊዮን ተቀብሎ ለረሃብተኞች እርዳታ እንዲውል አደረገ። ለምን ቶሎ ተሸነፈ? ኔስሌ ቦይኮትን ያውቃል። የዱቄት ወተቱን በድሃ አገሮች በሚያስተዋውቅበት መንገድ የተነሳ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ ቀጥሎም በአውሮፓ ሸማቹ አድሞበት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ቆሞ፣ በ1988 እንደገና ተነስቶበታል። የለንደን እናት የቡናውን ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ትታ ስታልፍ ምን እንደሚመስል አይቶታል። እንግዲህ ከብቱ ያለቀበት የገዋኔ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። የተናገረለት ሱፐርማርኬት የሚሄድ ሰው ነው። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ተበዳዩ ራሱ አሁንም ከጨዋታው ውጭ ነበር።

ታዲያ እኛ እዚሁ አገር ውስጥ፣ በራሳችን ብር፣ ትልቅ ኩባንያ ያንበረከክንበት ጊዜ አለ? አለ። በ2006 ዓ.ም. የገና ሰሞን።

ሄኒከን በ2003 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር። በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን «ወደ ፍቅር ጉዞ» የተሰኘ የኮንሰርት ዙር ስፖንሰር ሊያደርግ ተስማማ። በመሃል ድምፃዊው ስለ አፄ ምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ተናገረው የተባለ ቃል በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። እሱ አላልኩም ሲል አስተባበለ። የኦሮሞ አክቲቪስቶች ግን በደሌን አትጠጡ የሚል ዘመቻ ከፈቱ፣ ፌስቡክ በሺዎች ፊርማ ተጥለቀለቀ፣ ጠርሙስ ሲደፋ የሚያሳይ ፎቶ ተለጠፈ። ሳምንታት ሳይሞላ ኩባንያው ከኮንሰርቱ እጁን አወጣ።

ስለዚህ ነገር ያላችሁን ስሜት አውቃለሁ፣ በዚህ ቻናል ሁለቱም ወገን አለ። እኔ የዘመቻው ደጋፊ አልነበርኩም። አንድ ሰው አላልኩም ያለውን ቃል የሚያጣራ ዳኛ በሌለበት ፍርዱ ቀድሞ ተፈጽሟል፣ ይህም የቦይኮት ትልቁ ጉድለት ነው። በዚያ ላይ የተደፋው ቢራ የተጠመቀው በደሌ ላይ ነው፣ ኢሉባቦር፣ ኦሮሚያ ውስጥ፣ በዚያው አገር ልጆች እጅ። ሄኒከንም ቢሆን ስለ ምኒልክ ዘመን አንድም ፍርድ አልሰጠም፣ የቆጠረው ሳጥን ነው። ግን መሣሪያው ለምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ከበደሌ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ዳሸን ተደርድረዋል። ጠጪው የሚከፍለው መስዋዕትነት እጁን አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ባለፋብሪካዎቹ ደግሞ ገበያ ለመቀማት አንገት ለአንገት የተያያዙበት ጊዜ ነበር፣ በ2004 ሜታን ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ገብቷል። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሳሉ ቢሆን ያ ዘመቻ አይነሳም ነበር፣ ቢነሳም የሚሰማው አይኖርም ነበር።

የአዋሽን ሸለቆ የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ «አፋሮችስ መንገድ አላቸው» ይለኛል። እውነት ነው፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በአዋሽ፣ በሚሌና በገላፊ አልፎ ነው ጂቡቲ የሚደርሰው። በሐምሌ 2013 ከአፋርና ሶማሌ ክልሎች ወሰን ግጭት በኋላ በሶማሌ ክልል በኩል መንገዱና ባቡሩ ሲዘጉ አዲስ አበባ ወዲያው ነው የደነገጠው። መንገድ መዝጋት ግን ቦይኮት አይደለም። ጠርሙስ የተወ ሰው የተወው የራሱን ነው። ድንጋይ አስፋልት ላይ የደረደረ የሌላውንም ጉዞ ይዘጋል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ በጥይት ነው የሚመጣው።

ወደ ሰመራው ልጅ ልመለስ። በሱ ላይ የሚያሾፍ ካለ፣ ያ ትውልድ በዓለም ዙሪያ ያደረገው ነገር እንዲያው ከንቱ አልቀረም። ማክዶናልድስ በመካከለኛው ምሥራቅ ሽያጩ መቀዝቀዙን ራሱ አመነ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የእስራኤል ምግብ ቤቶቹን 225ቱንም ከወኪሉ መልሶ ገዛ። ማክዶናልድስ አዲስ አበባ እንኳ ስለሌለ ልጁ በዚያ በኩል ድርሻ የለውም፣ ጥቁሩ ለስላሳ ግን ሰመራ ድረስ ይመጣል። እዚህ ጋ እጁ ይደርሳል።

የሽማግሌው ጥያቄ የገባኝ መተሐራን ሳልፍ ነው። ለስላሳው የሚሞላው እዚሁ አገር ውስጥ ነው፣ ስኳሩ ከመተሐራ ወይም ከወንጂ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም የአዋሽ ውሃ ይጠጣሉ። ዱብቲ የነበረው ጥጥም ተነቅሎ በቦታው ለተንዳሆ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ተተክሎበት ነበር። ልጁ ለሩቅ ሕዝብ ሲል የሚተወው ጠርሙስ አለው። ሽማግሌው በዚያ ሜዳ ምክንያት የሚተውት ነገር ምንድነው?

ልጁ ውሃውን ከፍሎ ሲወጣ እሳቸው ሻይ አዘው ነበር። ስኳሩን ሦስት ማንኪያ ጨመሩበት።