ዳማ ከሴ መቀባት

ምች መታው የተባለ ሰው ራሱና ፊቱ በዳማ ከሴ ቅጠል ጭማቂ የሚታሽበት የቤት ሕክምና ነው። ተክሉ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው ደምበጫና በቀረው ጎጃም በጓሮ ይተከላል።

ትኩስ ቅጠሉ ታጥቦ በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል። አረንጓዴው ጭማቂ ሲወጣ ሕመምተኛው ያሸተዋል፤ ከዚያ አሺው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም አያት፣ ግንባሩን፣ ጆሮ ግንዱንና ማጅራቱን እያሸ ይቀባዋል። ዓይን ይታለፋል። ጥቂት ጠብታ በቡና የሚጠጣም አለ። ከዚያ ተከናንቦ መተኛትና ማላብ ነው።

በ1922 እ.ኤ.አ. ሚካኦ ኡሱዊ በጃፓን የጀመረው ሬኪ የተባለ የፈውስ ዘዴም መዳፍን በራስና በፊት ላይ ያሳርፋል፤ ግን አያሽም፣ ቅጠልም የለውም። አለ የሚለው የማይታይ ኃይል በሳይንስ አልተረጋገጠም። የዳማ ከሴ ቅጠል ግን በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲያበርድ ታይቷል።

ምች ፀሐይ የሚያመጣው ነው መባሉም ከንቱ ወሬ አይደለም፦ ምች መታው ሲባል ከንፈር ላይ ውኃ የሚቋጥረው ሄርፒስ ቫይረስ በብርቱ ፀሐይና በትኩሳት ይቀሰቀሳል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ወባን ደግሞ ዳማ ከሴ አያድንም፣ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።