ሐዲዱ የተነሣለት ሸለቆ

በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር በሚወርደው የዋይ ወንዝ ሸለቆ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ የቲንተርንን ገዳም ፍርስራሽ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። እኔ ይበልጥ የምወደው መንገዱን ነው። ገዳሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1131 ተመሥርቶ በ1536 ተዘጋ። ከ1566 ጀምሮ ግን እዚያው አጠገብ በውኃ ኃይል የብረት ሽቦ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ጸጥ ያለው ሸለቆ ያን ጊዜ የጭስና የመዶሻ አገር ነበር።

ጎብኚው መጀመሪያ የመጣው በጀልባ ነው። ቄሱ ዊሊያም ጊልፒን በ1770 ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፣ ያየውን በ1782 አሳተመ፤ ባለጸጎችም ተከተሉት። በ1876 ባቡር ገባ፣ በ1959 ሰው ማመላለስ አቆመ። ከመስመሩ ከፊሉ በ2021 የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱ ለጥ ያለ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቲደንሃም ዋሻ ለሌሊት ወፎች ሲባል ክረምቱን ይዘጋል፤ ይህን ውሳኔ ከልቤ እደግፈዋለሁ።

ከወንዙ ማዶ የዲን ደን ኮረብቶች ይነሣሉ። አድሚራል ኔልሰን በ1802 ደኑን ጎብኝቶ፣ ለጦር መርከብ የሚሆን የኦክ ዛፍ እንዲተከል አሳሰበ። የተተከሉት ዛፎች ለመጋዝ ሳይደርሱ መርከቡ ሁሉ ብረት ሆነ፤ ብዙዎቹም ቆመው ቀሩ። በጥላቸው ሥር ለመንዳት ወደዚያ የምትሻገሩ ከሆነ፣ አቀበቱ ሳይጀምር ማርሻችሁን አቅልሉ።