ፕሌይስቴሽን፣ ሳተርንና ኒንቴንዶ 64፤ የሦስት መሣሪያዎች የፉክክር ታሪክ

የዝግጅት ክፍሉ ለዘንድሮው እትም አንድ የቴክኖሎጂ ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ወደ ሐሳቤ የመጣው ርእስ ለማኅበራችን መጽሔት የሚመጥን መስሎ አልታየኝም ነበር። ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ መጻፍ እየተቻለ ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታ መጻፍ የልጅ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ሦስት የመሐንዲሶች ቡድኖች በአንድ ዘመንና ለአንድ ዓላማ ሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች ሠርተው ለገበያ ያቀረቡበት፣ ውጤቱም እስከ መጨረሻው በቁጥር የታወቀበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። በወረቀት ላይ ብርቱ የነበረው መሣሪያ ስለምን ተሸነፈ የሚለው ጥያቄ የእኛም ሙያ ጥያቄ ነው። አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፣ እኔ ራሴ ተጫዋች ስለሆንሁ ፍጹም ገለልተኛ ዳኛ አለመሆኔን ነው። በኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ግድም በሰፈራችን አንድ የጨዋታ ቤት ነበረ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበሩት፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለተረኛ አስረክቦ ይነሣል። ዲስኮቹ ስማቸው በእስክሪፕቶ የተጻፈባቸው ቅጂዎች ነበሩ። የሳተርንን ወይም የኒንቴንዶ 64ን ስም ከመካከላችን የሰማ አልነበረም። ስለዚህም ፕሌይስቴሽን ከሁሉ ይበልጣል ብለን የምንከራከረው ሌላውን ሳናይ ነበር። እኔ ሁለቱን ያወቅኋቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የቀድሞ መሣሪያዎችን ጠባይ በተራ ኮምፒዩተር ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን ካገኘሁ በኋላ ነው። የሥራ ዝርዝራቸውን ባነበብሁ ጊዜ የልጅነት ፍርዴ ተገለበጠ፤ ለጥቂት ዓመታትም የሳተርን ጠበቃ ሆኜ ኖርሁ።

የፉክክሩ መነሻ አንድ የፈረሰ ውል ነው። በ1990 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ሱፐር ፋሚኮም የድምፅ ቺፕ የሶኒ ሥራ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጡት ኬን ኩታራጊ የተባሉ መሐንዲስ ነበሩ። ከዚህም ተነሥተው ሁለቱ ኩባንያዎች በሲዲ የሚሠራ መሣሪያ በኅብረት ለማውጣት ተስማሙ። በሰኔ 1991 ቺካጎ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ሶኒ ይህንኑ ይፋ ባደረገ ማግሥት፣ ኒንቴንዶ ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ በዚያው ትርኢት አስታወቀ። በአደባባይ የተዋረደው ሶኒ ውሎ አድሮ ብቻውን ለመሥራት ቆረጠ። ሴጋ በበኩሉ በ1988 ባወጣው ሜጋ ድራይቭ በተለይ በአሜሪካ ስሙ የገነነ፣ የሚፈራ ተወዳዳሪ ነበር። ሳተርን በጃፓን የወጣው ኅዳር 22 ቀን 1994፣ ፕሌይስቴሽን የወጣው ታኅሣሥ 3 ቀን ነው፤ በመካከላቸው ያለው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ሣጥኖቹን እንክፈታቸው። ሳተርን እያንዳንዳቸው 28.6 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት የሂታቺ ፕሮሰሰሮች፣ ሁለት የሥዕል ቺፖች፣ ለድምፅ ለብቻው አንድ ሞቶሮላ 68000፣ ለሲዲውም ሌላ ፕሮሰሰር ነበረው። ለተማሪ ይህ ዝርዝር የሚያስጎመጅ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዋና ፕሮሰሰሮች ወደ ሜሞሪ የሚደርሱት በአንድ መስመር ስለነበረ፣ አንዱ ሲጠቀም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ በር ባለው ጎተራ ሁለት ተሸካሚ እንደ መቅጠር ነው። በዚህ ላይ የሙያው ሰዎች አብዛኞቹ ጠጣር አካልን በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለው ሲሥሉ ሳተርን የሚሥለው በአራት ማዕዘኖች ነበር። ለሌላ መሣሪያ የተጻፈን ጨዋታ ወደ እርሱ ማዛወር እንደገና የመጻፍ ያህል አድካሚ ሆነ። የሴጋ ታላቅ የጨዋታ ደራሲ ዩ ሱዙኪ እንኳ ከሁለት ፕሮሰሰር ይልቅ አንድ ፈጣን ቢሆን እንደሚመርጡ በይፋ ተናግረዋል።

ፕሌይስቴሽን ያለው አንድ 33.9 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ነው። በዚያው ቺፕ ላይ ጠጣሩን አካል ወደ ጠፍጣፋ ሥዕል የሚለውጥ የስሌት ክፍል ተተክሎለታል፤ ዋናው ሜሞሪ 2 ሜጋባይት፣ የሥዕሉ ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የሌለው ነገር ነው። ከሁለት አካላት የትኛው ከፊት እንደሆነ ለእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ የሚመዘግብ ሜሞሪ አልተሰጠውም። በአካሉ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል እንደ ርቀቱ የሚያስተካክለው ስሌትም ተትቷል። ከዚህ የተነሣ ወደ ግድግዳ ሲቀርቡ ግድግዳው ይጣመማል፤ መሬቱም እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። በሰፈራችን ይህን ጉድለት ሁላችንም እናየው ነበር፤ የቴሌቪዥኑ እርጅና ይመስለን ነበር እንጂ። መሐንዲሶቹ ግን ምን እንደቆረጡና ስለምን እንደቆረጡ አውቀው ያደረጉት ነበር። በተቆረጠው ምትክ የሰጡት ነገር ለተጫዋች አይታይም፤ ይኸውም በተራ የግል ኮምፒዩተር ላይ የሚገጠም የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያና በሲ ቋንቋ የሚጠሩ ዝግጁ የፕሮግራም ስብስቦች ናቸው። አዲስ ፕሮግራመር ቺፑን በዝርዝር ሳያጠና ሥራ መጀመር ቻለ። በሳተርን ግን ሁለቱን ፕሮሰሰሮች በሚገባ ለማሠራት ብዙ ጊዜ ወደ አሴምብሊ ቋንቋ መውረድ ያሻ ነበር።

የዋጋውም ነገር አለ። በግንቦት 1995 በሎስ አንጀለስ ትርኢት ላይ ሴጋ ሳተርን ከዚያው ዕለት ጀምሮ በ399 ዶላር እየተሸጠ መሆኑን በድንገት አስታወቀ፤ ዕቃው ያልደረሳቸው ነጋዴዎች ክፉኛ ተቀየሙ። በዚያው ቀን የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጥተው «299» ብለው ወረዱ።

ኒንቴንዶ 64 የመጣው ዘግይቶ፣ በሰኔ 1996 ነው። ከሲሊከን ግራፊክስ ጋር የተነደፈ፣ 93.75 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ፕሌይስቴሽን የተዋቸውን ሁለቱንም ስሌቶች የሚያሟላ ነበር፤ በእርሱ ግድግዳው አይጣመምም። ይሁን እንጂ የሚለጠፈው ሥዕል የሚያልፍበት ፈጣን ሜሞሪ 4 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ ደብዛዛ ነው። ከሁሉ የከፋው ጨዋታውን በሲዲ ፈንታ በካርትሪጅ መያዙ ነው። ካርትሪጅ ወዲያውኑ ይነበባል፤ ማስጠበቅ የለበትም፤ ለመቅዳትም አይመችም። ግን ትልቁ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ሲሆን ሲዲ 650 ያህል ይይዛል፤ የማምረቻው ወጪም ከሲዲ በብዙ የሚበልጥ ነው። የቀድሞ የኒንቴንዶ ወዳጅ የነበረው ስኩዌር በ1997 ፋይናል ፋንታሲ ሰባትን በሦስት ሲዲ ለፕሌይስቴሽን አወጣ።

በመጨረሻ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን ከ102 ሚሊዮን በላይ፣ ኒንቴንዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን፣ ሳተርን ከ9 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነው።

የሳተርን ጥብቅና የተውሁት እነዚህን ቁጥሮች አይቼ አይደለም። ከምረቃ በኋላ በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ አንድ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነደፍሁ፤ ሁለት ማይክሮኮንትሮለሮች አንድ ሜሞሪ የሚጋሩበት ነበር። ሲሠራ በጣም ፈጣን ነበር፤ እኔም ኮራሁበት። ሥራውን የተረከበኝ ባልደረባዬ አንድ ትንሽ ለውጥ ለማስገባት ሦስት ሳምንት ከደከመ በኋላ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «አንተ በሌለህበት ይህ ነገር የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በአንድ ማይክሮኮንትሮለር እንደገና ሠራው፤ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ግን አልነበረም።

ለተሸናፊዎቹ የሚገባቸውን መንፈግ አልፈልግም። ጠፍጣፋ ሥዕል በሚጠቀሙ የፍልሚያ ጨዋታዎች፣ በተለይ 4 ሜጋባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ከተሰካለት ወዲህ፣ ሳተርንን የሚስተካከለው አልነበረም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ኒንቴንዶ 64 ደግሞ አራት ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት አራት መሰኪያና በአውራ ጣት የሚታዘዝ ዱላ ነበረው፤ በሱፐር ማሪዮ 64 ገጸ ባሕርዩ ዱላው በተገፋበት መጠን ይራመዳል ወይም ይሮጣል። ሶኒም በ1997 ሁለት እንዲህ ያሉ ዱላዎችን በራሱ ጆይስቲክ ላይ ጨመረ። እኛ በሰፈር ኳስ ስንጫወት ዱላውን የፕሌይስቴሽን ፈጠራ አድርገን ነበር የምናስበው።

ይህን ካልሁ በኋላ ለክርክሬ የማይመች አንድ ሐቅ መደበቅ የለብኝም። ሴጋ ከስሕተቱ ተምሮ በኅዳር 1998 ድሪምካስትን አወጣ፤ አንድ 200 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያለው፣ ለፕሮግራመር የሚመች፣ የተስተካከለ ንድፍ ነበር። ሶኒ በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በተቃራኒው ፕሮግራመሮችን ያስጨነቀ ውስብስብ መሣሪያ ነበር። ያሸነፈው ግን ሶኒ ነው። መሣሪያው የዲቪዲ ፊልም ያሳይ ነበር፤ የቀድሞውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮችም ይቀበል ነበር፤ የጨዋታ ደራሲዎቹም ገዢው የት እንዳለ ስለሚያውቁ ችግሩን ታግሠው ጻፉለት። የሳተርን ውድቀት ያስቀየማቸው ነጋዴዎችና ገዢዎች ለድሪምካስት የሰጡት ጊዜ አጭር ነበር፤ ስለዚህ አንድ መጥፎ ንድፍ ያስከተለውን ዕዳ የከፈለው ተከታዩ ጥሩ ንድፍ ሆነ።

ሴጋ መሣሪያ መሥራት ማቆሙን ያስታወቀው ጥር 31 ቀን 2001 ነው። የኩባንያው መሪ ኢሳዎ ኦካዋ በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ አረፉ፤ ከመሞታቸው በፊት ግን ኩባንያው እንዳይፈርስ 85 ቢሊዮን የን የሚያህል የግል ሀብታቸውን ለሴጋ ሰጥተው ነበር። ሴጋ በዚያ ገንዘብ ተርፎ ዛሬም ጨዋታ ይጽፋል፤ ለሶኒም ለኒንቴንዶም መሣሪያዎች።