ሥራ የሌለው ሰው የትዳር ጓደኛውን ወደ አሜሪካ ማምጣት ይችላልን?

አንድ ምሳሌ እናንሣ። ባልና ሚስት ከሚሴ ላይ በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሽማግሌዎች ጸለዩላቸው፣ ዘመድ ወዳጅ መረቃቸው። ባል የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሚስት ደግሞ ቤተሰቧ ዘንድ ሆና ሂደቱን መጠበቅ ጀመረች። ማመልከቻው ገባ፣ ተቀባይነት አገኘ፣ የገቢ ማስረጃ የሚጠየቅበት ወቅትም ደረሰ። ልክ በዚያን ጊዜ ባል ከሥራ ተቀነሰ። «አሁንስ ነገሩ ሁሉ አበቃ» ብሎ ለሚስቱ እንኳ ሳይነግራት ቀረ።

እንዲህ ያለ ጭንቀት ከባቲ እስከ ሰንበቴ፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ብዙ ቤት ሊገባ ይችላል። መልሱ ግን በአጭሩ ይህ ነው፦ ሥራ ማጣት ብቻውን የትዳር ጓደኛን ከማምጣት አይከለክልም። ሕጉ የሚጠይቀው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ሌሎች መንገዶችም አሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መንገድ አንድ ሰው ለረጅም ዓመታት የሚያስረውን ፊርማ እንዲያኖር ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱንም፣ መንገዱንም ሸክሙንም፣ አብረን እንመልከት።

ሕጉ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛው በመጀመሪያ «አይ-130» የተባለውን ማመልከቻ ያስገባል። ከዚያ በኋላ «አይ-864» የሚባለውን የድጋፍ ቃል ኪዳን ይሞላል። ይህ ቅጽ በ1996 (እ.ኤ.አ) በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 19 ቀን 1997 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የቅጹ ፍሬ ነገር «ያመጣሁት ሰው የመንግሥት ጥገኛ አይሆንም፤ ቢቸግረው እኔ አለሁ» የሚል ነው። በአገራችን አንድ ሰው ሥራ ሲቀጠር ተያዥ እንደሚጠራው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። አመልካቹ ገቢው ዜሮ ቢሆንም እንኳ ቅጹን ራሱ መሙላትና መፈረም አለበት። ሌላ ሰው ሊያግዘው ይችላል እንጂ ሊተካው አይችልም። «ሥራ የለኝምና ወንድሜ ይሙላልኝ» ማለት አይሠራም። በቅጹ ላይ ሥራ አጥ መሆኑንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ እውነቱን ይጻፍ።

ገቢው ስንት መሆን አለበት?

መለኪያው የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት ወለል ሰንጠረዥ ነው። ስፖንሰር የሚሆን ሰው ከዚያ ወለል 125 በመቶ ማሳየት አለበት። በጦር ሠራዊት በንቁ አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት ግን 100 በመቶ ይበቃዋል።

በ2025 (እ.ኤ.አ) ሰንጠረዥ መሠረት ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312 ዶላር፣ ለአራት 40,187 ዶላር በዓመት ያስፈልግ ነበር። የቤተሰቡ ቁጥር የሚያጠቃልለው ስፖንሰሩን፣ የሚመጣውን ሰው፣ በስፖንሰሩ ሥር የሚተዳደሩ ልጆችንና ቀደም ሲል በዚሁ ቅጽ ፈርሞላቸው ግዴታው ያላበቃላቸውን ሰዎች ነው። ሰንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ ቅጹን በሚያስገቡበት ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ይመልከቱ።

ሥራ ለሌለው ሰው የተከፈቱ መንገዶች

አንደኛ፦ ከደመወዝ ሌላ ያለ ገቢ። የጡረታ አበል፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ ከራስ ንግድ የሚገኝ ትርፍ፣ ይህ ሁሉ ሕጋዊ ምንጭ እስካለውና በማስረጃ እስከተደገፈ ድረስ ገቢ ነው። ሥራ ላጣ ሰው ለጥቂት ወራት የሚከፈለው የመድን ክፍያ ግን ጊዜያዊ ስለሆነ በእርሱ ብቻ መተማመን አያዋጣም። በችግረኛነት የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ፣ ለምሳሌ የምግብ እርዳታ፣ ፈጽሞ እንደ ገቢ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ ሀብት። ገቢው የጎደለ ሰው ጉድለቱን በሀብት መሙላት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት ሀብቱ የጉድለቱን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከሆነ ግን አምስት እጥፍ ይጠየቃል።

በምሳሌ እናስላው። በ2025 መለኪያ ምንም ገቢ የሌለው ዜጋ ለራሱና ለሚስቱ 26,437 ዶላር ይጎድለዋል። ሦስት እጥፉ 79,311 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ቢሆን ኖሮ 132,185 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ዜጋው በዓመት 12,000 ዶላር የጡረታ ገቢ ካለው ጉድለቱ 14,437 ብቻ ስለሆነ የሚፈለግበት ሀብት ወደ 43,311 ዶላር ይወርዳል።

ሀብት ሲባል በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል ማለት ነው፦ የቁጠባ ሒሳብ፣ አክሲዮን፣ ቤት። የቤቱ ዋጋ የሚያዘው የባንክ ዕዳው ተቀንሶ ነው። መኪና የሚቆጠረው ሰውየው ከአንድ በላይ ካለው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ በአንድ ቤት የሚኖር ዘመድ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ከአመልካቹ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ከሆነ «አይ-864ኤ» የተባለውን ቅጽ ፈርሞ ገቢውን ከአመልካቹ ገቢ ጋር መደመር ይችላል።

አራተኛ፦ ተባባሪ ስፖንሰር። ብዙ ሰው «ጆይንት ስፖንሰር» ብሎ የሚያውቀው ይህ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በአሜሪካ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሆን ይችላል። ዝምድና አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ወይም ጎረቤት ቢሆንም ይሠራል። ነገር ግን የእርሱ ገቢ ከአመልካቹ ጋር አይደመርም፤ ብቻውን ሙሉውን መለኪያ ማሟላት አለበት። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ወንድም ለአንዲት እህት ቢፈርም ቤተሰቡ አምስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ በ2025 መለኪያም 47,062 ዶላር ገቢ ያስፈልገው ነበር።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ነገር አይርሱ። ዋናው የሚታየው የአሁኑ ገቢ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራ ፈትቶ የነበረ ሰው ዛሬ ሥራ ከጀመረ የአሠሪውን ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀቶቹን አያይዞ መቅረብ ይችላል። የመጨረሻው ዓመት የፌዴራል ታክስ መግለጫም ይያያዛል። ገቢው አነስተኛ በመሆኑ ታክስ ማስገባት የማይገደድ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያብራራል።

የማይረዱ ነገሮች

በከሚሴ ያለችው ሚስት አስተማሪ ወይም ነርስ ብትሆን ደመወዟ አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ወደ አሜሪካ ስትሄድ ያ ደመወዝ ይቀራል። የእርሷ ሀብት ግን በመርሕ ደረጃ ሊቆጠር ይችላል። ችግሩ በተግባር ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ጨፋ ሜዳ ላይ ያለ የእርሻ መሬት የቱንም ያህል ለም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ ሀብት አይሆንም። ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ይሸጣል፤ ሆኖም ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ከአገር ማውጣት በውጭ ምንዛሪ ደንብ የተገደበ ስለሆነ በእርሱ ላይ መመካት አይበጅም።

ባል ለሚስቱ በየወሩ የላከው የሐዋላ ደረሰኝም ገቢን አያሳይም። ሆኖም አይጣል፤ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከወዳጅ ገንዘብ ተበድሮ ለአንድ ሳምንት ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥና «የእኔ ነው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ባለሥልጣኖቹ የሒሳቡን የኋላ እንቅስቃሴ ያያሉ። በቅጹ ላይ መዋሸት ለፈራሚው ወንጀል ነው። ቪዛ የሚጠይቀው ሰው ራሱ በሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ደግሞ አሜሪካ እንዳይገባ ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል። ምእመን በዚህ መንገድ ቢሄድ ትዳሩንም ምስክርነቱንም ይጎዳል።

በከሚሴ በኩል የሚዘጋጀው

ገንዘቡ በአሜሪካ በኩል ሲሟላ፣ ሰነዱ በዚህ በኩል እንዳይጎድል ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ወረቀት የመንግሥቱን የምስክር ወረቀት አይተካም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የመሥሪያ ቤቶች ሰነድ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሊጻፍ ይችላል፤ የእርስዎ ሰነድ በእንግሊዝኛ ካልሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያያይዙ። የስም አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በልደትና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ።

በ2021 (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያ ጊዜ ሰነድ የጠፋበት ሰው ምትክ ለማውጣት ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በአዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። በዚያ ቀን የገቢ ማስረጃው በቂ ሆኖ ካልተገኘ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ የጎደለውን፣ ለምሳሌ የተባባሪ ስፖንሰር ሰነድ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል።

ፊርማው ምን ያስከትላል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በአሜሪካ ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ከአምልኮ በኋላ «ወንድሜ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ናት» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይችላል። አንድ ፊርማ ብቻ አይደለችም። የሚያስገድድ ውል ናት። የሚያበቃውም የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ ወይም 40 ሩብ ዓመታት ማለትም አሥር ዓመት ያህል የሥራ ዘመን ሲቆጠርለት፣ ወይም አገሩን ለቆ ለዘለቄታው ሲሄድ፣ ወይም ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ነው። ፍቺ ግን አያፈርሰውም። ባልና ሚስቱ ቢለያዩ እንኳ አመልካቹም ተባባሪ ስፖንሰሩም እንደታሰሩ ይቆያሉ። የመጣው ሰው በችግረኛነት የመንግሥት እርዳታ ቢወስድ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ከስፖንሰሩ መጠየቅ ይችላል፤ የመጣው ሰው ራሱም ሊከሰው ይችላል። ስፖንሰሩ መኖሪያውን ሲለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

መጽሐፈ ምሳሌ ለሌላ ሰው ዋስ ስለ መሆን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ ይቆጥራል። ሁለቱ አይጋጩም። ጳውሎስ ምን እንደሚፈርም ያውቅ ነበር። እርስዎም ከተጠየቁ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ሳይመካከሩ አይፈርሙ፤ አቅም ከሌለዎትም «አልችልም» ማለት ኃጢአት አይደለም። ጠያቂ ከሆኑ ደግሞ ሸክሙን ሳይደብቁ ለወንድምዎ ይንገሩት። እምቢ ቢልዎትም አይቀየሙት።

የጃንዋሪ 2026 ውሳኔ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2026 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መግለጫ፣ ከወሩ 21ኛ ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠትን እንዳቆመ አስታውቋል። የሰጠው ምክንያት መጤዎች በመንግሥት እርዳታ ላይ ጥገኛ ይሆናሉ የሚል ነው። ስለዚህ ትኬት ከመግዛት፣ ሥራ ከመልቀቅ ወይም ቤት ከመሸጥ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ በኤምባሲው ይፋዊ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። «በውስጥ መንገድ እጨርስላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አይስጡ።

በሌሎች አገሮችስ?

ካናዳ ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ አትጠይቅም፤ ሥራ አጥነት ብቻውን አይከለክልም። በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በቀር የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ሰው ግን ስፖንሰር መሆን አይችልም። ቃል ኪዳኑም ለሦስት ዓመት ነው። ብሪታንያ ከአፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ መለኪያውን በዓመት 29,000 ፓውንድ አድርጋለች፤ ገቢ የሌለው ሰው በቁጠባ ብቻ ለማለፍ 88,500 ፓውንድ ለስድስት ወር በእጁ ማቆየት ይጠበቅበታል።

በመጨረሻም፣ ውድ አንባቢ፣ በመጀመሪያ ያነሣነው ባል የተሳሳተው ሥራ በማጣቱ አልነበረም። ለሚስቱ ባለመንገሩ ነው። ቢነግራት ኖሮ ጉድለቱን አብረው ያሰሉ፣ የሚፈርምላቸውንም ሰው አብረው ይፈልጉ ነበር። እርስዎም ሥራ ካጡ ዛሬውኑ ስልክ ይደውሉና ለባለቤትዎ እውነቱን ይንገሩ። ከዚያ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው የቤተሰብዎን ቁጥር፣ ያለዎትን ገቢና ሀብት፣ የጎደለውንም ይጻፉ። ጉዳዩ ከከበደዎ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።